እጅጌው ልክ ነበር

«ኩራተኛ ነው ይሉታል እኮ።»

«ይበሉት። ከሌላው ይሻለዋል።»

«ትናንት ግድግዳውን እየዳበሰ ሲወጣ አየሁት…»

«ዝም በይ አንቺ! ልጅ አለች።»

ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። በድሮው ልደታ ሰፈር፣ ቦኖ ላይ፣ ባልዲዬን ይዤ ወረፋ ስጠብቅ ነበር። ሴቶቹ ማን እንደነበሩ ዛሬ አላስታውስም። አንደኛዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር መሰለኝ። «ትናንት» ትበል «ከትናንት ወዲያ»፣ ግድግዳ ትበል አጥር፣ እሱም ጠፍቶብኛል። «ከሌላው ይሻለዋል» የምትለዋ ቃል ግን አልጠፋችብኝም። ከምኑ ነው የሚሻለው? ብዬ ማሰብ እንደጀመርኩ ባልዲዬ ሞላና ይዤ ሄድኩ።

ቦኖው ዛሬ የለም። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተሠራበት ቆይቷል። ዕጣ ወጥቶልን እዚያው የተመለስነው የድሮ ነዋሪዎች ጥቂት ነን። እኔ ምድር ቤት፣ ከደረጃው አጠገብ ደረሰኝ። ጧፍ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ክር እገምዳለሁ፣ ሰም አቀልጣለሁ፣ የተጠናቀቀውን ልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚሸጡት አስረክባለሁ። ሥራው እጅ እንጂ ጆሮ አይዝም። በሬ ክፍት ስለሚውል የሚወጣና የሚወርደውን ቀና ሳልል በኮቴው አውቀዋለሁ። የደከመውም ይገባና በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ የልቡን ያወራኛል። እኔ ክሬን እየገመድኩ እሰማለሁ። ትምህርቴ እምብዛም ነው፤ መስማት ግን በራሴ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ሀብተሥላሴ ይኖራሉ። ከማተሚያ ቤት አራሚነት ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ኑኃሚን ሐዋሳ ያገባች ሰው ናቸው። ያለ ኮትና ያለ ባርኔጣ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሰላምታቸው ደግሞ የታወቀ ነበር። ሰው ከሩቅ ካዩ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ነው። ከዚያ ልጁን፣ እናቱን፣ የታመመ ካለም የታመመውን በስም በስሙ ይጠይቃሉ። ነገሪ የሚባለው የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ «ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል ጋሽ ሀብቴን እንዳላገኝ እጸልያለሁ» ይል ነበር።

ወዳጃቸው ጋሽ ከሊፋ ነበሩ፤ ሁለተኛ ፎቅ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የስፌት መኪና ተክለው ያረጁ ልብስ ሰፊ ናቸው። የጋሽ ሀብተሥላሴ ኮት ሁሉ የእሳቸው እጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ እየተከራከሩ ነበር በእግራቸው ወደ ተክለ ሃይማኖት የሚወጡት። አንዱ ወደ ስፌቱ፣ ሌላው እሱ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ሊያነብ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው ነገር የተለወጠው። ጋሽ ሀብተሥላሴ የጠዋቱን መንገድ ተዉ፤ ሰላምታ መመለስም አቆሙ። ሰው አንገቱን ዝቅ ሲያደርግላቸው ቀጥ ብለው፣ ፊት ለፊት እያዩ ያልፋሉ። መጀመሪያ ሰው «አሳብ ይዟቸው ነው» አለ። ቀጥሎ መቀለድ ጀመረ።

«ባርኔጣቸው ላይ ሲሚንቶ ፈሶበታል» ይላል ነገሪ። «አይወልቅም!»

አራተኛ ፎቅ ያለችው ማሂ ደግሞ፣ «ጋሼ እኮ ላሽ ብለውናል፤ ስልክ ላይ ቢሆን ብሎክ አደርጋቸው ነበር» ትላለች እየሳቀች።

ለእኔ ግን ሰላም ይሉኝ ነበር። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ስላቸው ባርኔጣው ወዲያው ይወልቃል። ስለዚህ ወሬውን ከምቀኝነት ቆጠርኩት። ሁልጊዜ ቀድሜ የምናገረው እኔ እንደሆንኩ አላስተዋልኩም።

ከዚያ መይሙና፣ የጋሽ ከሊፋ ሚስት፣ ሞተች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የድንኳኑን ቋሚ ያዝ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ጋሽ ከሊፋ ሲያዩዋቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰው ሁሉ ከመጣ ጀምሮ ያልወጣው ልቅሶ ያን ጊዜ ነው የወጣቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ራመድ አሉ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ በአጠገባቸው አልፈው ሄዱና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

የጋሽ ከሊፋ እጆች አየር ላይ ቀሩ። እጆቹ ቀስ ብለው ሲወርዱ እኔም ከሴቶቹ ወገን ሆኜ አይቻለሁ። አንድ ሰው ከኋላ፣ «በሃይማኖት ይሆን እንዴ?» ብሎ አንሾካሾከ።

ጋሽ ከሊፋ ሰሙት። «የሱን ጾምና የኔን ረመዳን አብረን ስንፈታ የት ነበርክ አንተ?» አሉ ዞር ሳይሉ። ከዚያ ድምፃቸው ሰለለ። «ሌላ ነገር ነው። የበደልኩት ነገር አለ።»

ከልቅሶው በኋላ በርጩማዬ ላይ እየመጡ ይህንኑ ያመላልሱት ነበር። ምን በደልኩት? ምን አልኩት? አንድ ቀን ገና ከበሩ ጀመሩ።

«የሻረግ እህቴ፣ ዛሬስ ለየለት። ቡናማውን ኮት በጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ለብሶ ወጣ!»

«ታዲያ ምን አለበት ጋሽ ከሊፋ?»

«ምን አለበት? እያንዳንዱን ኮት ከነሱሪው ነው የሰፋሁለት! ሀብቴ ሳያዛምድ ከሚለብስ ራቁቱን ቢወጣ ይሻለዋል። ሥራህን እንዲህ ነው የማደርገው እያለኝ ነው። ለልብስ ሰፊ ከዚህ በላይ ስድብ አለ?»

እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ምሽት፣ ገና ዓይን ለዓይን በሚያስተያይበት ሰዓት መብራት ጠፋ። የብሎካችን ደረጃ መስኮት የለውም፤ ጉድጓድ ማለት ነው። ሰው ስልኩን እያበራ እየተደናበረ ይወርዳል። ነገሪ ጉልበቱን ከብረቱ አጋጭቶ የመብራት ኃይልን ዘር ማንዘር ሲረግም ይሰማኛል። በዚህ መሃል አንድ ኮቴ መጣ። አይቸኩልም፣ አይዘገይም፣ አይደናበርም። ጠዋት በብርሃን ሲወርድ እንደማውቀው ያው ኮቴ፣ በዚያው አረማመድ።

በሬ ላይ ቆምኩ። ክር በጥርሴ ነክሼ ስለነበር መናገር አልቻልኩም። የለኮስኳትን ጧፍ ከፍ አደረግኋት። ጋሽ ሀብተሥላሴ ብረቱን ይዘው ወረዱ፣ እሳቱ ፊት ደረሱ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አለፉ።

ክሩን ተፋሁት። «ጋሼ!»

ባርኔጣው ወዲያው ወለቀ። «አቤት የሻረግ! እንደምን አመሸሽ?» ብለው ጎንበስ አሉ፤ እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ግራ።

«ጋሼ፣ መብራት እኮ የለም።»

በሬን በእጃቸው ፈልገው ገቡና በርጩማውን በእግራቸው ነክተው ተቀመጡ።

«ማን አለ?» አሉ።

«እኔ ብቻ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ከዳር ከዳር ነው የጀመረው። እንደ መጋረጃ እየተዘጋ፣ እየተዘጋ መጣ። አሁን መሃል ላይ ጥቂት ቀርታልኛለች፤ እሷም ጭስ ናት። ከፀሐይ ወደ ጥላ ስገባ እሷም የለችም። ግላኮማ ነው አሉኝ። ጠብታ ሰጡኝ። የሄደውን አይመልስም፤ የቀረችውን ያቆይልህ ይሆናል ነው ያሉኝ።»

ድንኳኑ ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ያ ቋሚ። «ታዲያ ጋሽ ከሊፋ… እጃቸውን ዘርግተው እኮ ነበር!»

«በማግስቱ ነው የሰማሁት። ሰዎች ሲያሙኝ።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩት። «ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ግን ድንኳኑ ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ የት ጋ እንደሆነ ጠፋኝ። ሲለይልኝ እቅፈዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።»

«እንንገራቸው። አሁኑኑ ልውጣና ልጥራቸው።»

«ተቀመጪ!»

እንዲህ ጮኸው አያውቁም። ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ።

«አባቴ በዚሁ ነው የጠፋው። መጀመሪያ ደብቆ ነበር፤ ኩራተኛ ይሉታል። በኋላ ሲታወቅበት ስሙን የሚጠራው ጠፋ። ዕውሩ መጡ፣ ዕውሩን አሳልፏቸው። ፊቱ ቆመው ስለ እሱ ያወራሉ፤ ዓይን ሲጠፋ ጆሮም አብሮ የሚጠፋ ይመስል። እኔ ነበርኩ የምመራው። ትከሻዬ ላይ እጁን ይጥላል። ሰው ሰላም የሚለው እኔን ነው። ‹አባትህ ደህና ናቸው?› ይሉኛል፤ እሱ እዚያው ቆሞ! ጎረምሳ ነበርኩ፤ አፍር ነበር፤ በእሱ ይሁን በእነሱ እንጃ።»

ያን አባት አስታወስኳቸው። ረጅም ሰው፣ እጃቸው ጎረምሳ ልጅ ትከሻ ላይ። የቦኖው ወሬ ግን የእሳቸው እንደነበረ ያን ምሽት ነው የገባኝ። ከሌላው ይሻለዋል።

«ኩራተኛ ሲሉኝ» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ «ሰው ነኝ ማለት ነው። ይቀየሙኛል፣ ከእኔ ሰላምታ ይጠብቃሉ። ከዕውር ማን ይቀየማል? ኑኃሚንም ብትሰማ በነጋታው መጥታ ሐዋሳ ትወስደኛለች። እዚህ ደረጃውን እግሬ ያውቀዋል። የልደታ ደወል ሲመታ በየት በኩል እንደቆምኩ አውቃለሁ። እዚያ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ይሉኛል። ልደታን በይ።»

«ጋሼ…»

«ለማንም አልናገርም በይ። ልደታን በይ!»

የተጠራችው ልደታ ናት፣ ደጇም እዚያው። ምን ላድርግ?

«ልደታን፣ አልናገርም» አልኩ።

ያን ጊዜ መብራት መጣ። አምፖሉ ቦግ ሲል እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው አልጨፈኑም።

ከዚያ ወዲህ ክር ስገምድ ይበጠስብኝ ጀመር። ነገሪ ሽማግሌ ሰብስቦ ሁለቱን ሊያስታርቅ ተነሣ። «ሁለቱም ያከብሩሻል፣ አንቺም ተቀመጪ» ብሎ ወደ ብሎኩ የጋራ መሰብሰቢያ ቤት ወሰደኝ። እየሄድን ሳለ፣ ለሌለ ጠብ ዕርቅ ሲሰናዳ፣ አፌ የሰው ይመስል ዝም አልኩ።

ነገሪ አንጀት በሚበላ አማርኛ ጀመረ፤ ጉርብትናውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የልቅሶን ክብር አነሣ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ደገፉት። ጋሽ ከሊፋ ግን አቋረጧቸው።

«ይህ ሁሉ አያስፈልግም» አሉ። ወደ ወዳጃቸው ዞሩ። «ሀብቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን አላየሁህም በለኝ። አላየሁህም በለኝና እዚሁ ላይ ይብቃ። ወላሂ ሁለተኛ አላነሣውም።»

እመቤቴ፣ አልኩ በልቤ። በሩን እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት። አንዲት ቃል እኮ ናት፤ ያውም እውነተኛዋ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ አንገታቸውን ደፉ። ነገሪ፣ «ኧረ እንዴት አላዩም፣ ከአፍንጫቸው ሥር ቆመው! ዕውር ናቸው እንዴ?» ብሎ ሳቅ አለ። ለማላላት ብሎ ነው፤ ክፋት የለውም። ሽማግሌዎቹም ፈገግ አሉ።

ያቺ ሳቅ ናት የጨረሰችው።

«አይቼሃለሁ» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። «ተቀይሜህ ነበር።»

«በምን?»

እጃቸው ኮታቸው ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ጫፉን ያዘ። «እጅጌውን… አሳጥረህብኛል።»

ነገሪ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«እጅጌ?» አሉ ጋሽ ከሊፋ። «መይሙና ሞታ… በእጅጌ?»

«ጥፋቴ ነው። ይቅር በለኝ።»

ጋሽ ከሊፋ ተነሡ። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ለሽምግልናም ይዘውት ነው የመጡት። የወዳጃቸውን ክንድ ያዙ፣ ከትከሻ እስከ አንጓ ለኩ። ደግመው ለኩ። ሁላችንም እናያለን፤ እጅጌው የእጃቸው አንጓ አጥንት ላይ ነው ያረፈው።

«ልክ ነው» አሉ። «ልክ ነው ሀብቴ።»

ሜትሩን ወደ አንገታቸው መለሱ።

«ይሁን። አጥሯል ካልክ አጥሯል። አውልቀውና ላስረዝመው።»

ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ጋሽ ከሊፋ ኮቱን በክንዳቸው ይዘው ወጡ። በሳምንቱ መልሰው ሲያመጡት አየሁት፤ የታጠፈውን ሁሉ ፈተው፣ እጅጌውን ለቀው ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሲለብሱት ጣታቸውን ዋጠው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኑ።

ብዙም አልቆየ። አንድ ጠዋት ግቢው ሰው ሞልቶበት፣ ነገሪም ማሂም ቆመው ታክሲ ስለመጥፋቱ ሲያወሩ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ ያንኑ ኮት ለብሰው ከብሎኩ ወጡ። ጋሽ ከሊፋ ከወዲያ ማዶ ነበሩ። ከዕርቁ ወዲህ ሰው ፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ሁሉም ያያል። ጋሽ ከሊፋ ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ቃል ሳይናገሩ፣ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። ትልቅ ሰላምታ ነው፤ ለታላቅ የሚሰጥ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደ በሩ መሄዳቸውን ቀጠሉ።

በሬ ላይ ነበርኩ። ስም መጥራት ፈለግሁ፤ «ጋሽ ከሊፋ እዚያ አሉ» ማለት ፈለግሁ፤ ልደታ አፌ ላይ ቆመች። የመጣልኝ «ጋሼ!» የምትለዋ ብቻ ናት። ጮኼ ጠራኋቸው።

ባሰ። ወደ እኔ ዞሩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ፊታቸው በራ። «የሻረግ! እንደምን አደርሽ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ?» አሉኝ፤ ጋሽ ከሊፋ እንዳጎነበሱ፣ ከጀርባቸው።

ጋሽ ከሊፋ ቀና አሉ። ወደ ደረጃው ገብተው ወጡ። ኮቴያቸው በየእርከኑ ላይ ያርፍ ነበር።

«በቃ» አለ ነገሪ። «ዕርቅ ያፈረሰ ሰው ነው። ከእንግዲህ እኔ የለሁበትም።»

ግቢው አደመባቸው። ማንም ምንም አላደረጋቸውም፤ ብቻ ሲያልፉ ወሬ ይቆማል። ዝም ይባላል፤ እስኪያልፉ። እነሱ የመሰላቸው ሰላምታ መንፈግ ነው። እሳቸው የሚያዩት ግን በሰው ድምፅ ነበር፤ ሰው ዝም ሲል ጨለመባቸው። አንድ ቀን ከውጭ ሲመለሱ በሬ ላይ ቆመው፣ «የሻረግ፣ ዛሬ ግቢው ሰው የለውም እንዴ?» አሉኝ። አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተው ነበር። ሁሉም ያዩናል።

«ዛሬ ቀዝቅዟል ጋሼ» አልኳቸው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ስም ሳልጠራ። «አፍሽን ያሰረው እሱ ነው፤ እንዲፈታሽ እሱኑ ለምኚው» አሉኝ። ለመንኳቸው። በጠዋት ለመንኳቸው፣ በማታ ለመንኳቸው። «ትንሽ ቆዪ» ይሉኛል። ጠብታቸውን እኔ ነኝ የምጨምርላቸው፤ እጃቸው እየሳተ ጉንጫቸው ላይ ያፈሱት ነበር። ቀና ብለው ዓይናቸውን ሲከፍቱልኝ እንዲህ የጠሩ ዓይኖች ናቸው፤ ምንም የጎደላቸው አይመስሉም። ማን ያምናል?

በጥቅምት የጋሽ ከሊፋ ልጅ ሰሚር ከኮምቦልቻ መጣ። አባቱን ሊወስድ ነው። ጋሽ ከሊፋ ሊሰናበቱኝ ገቡና በርጩማዬ ላይ ሳይቀመጡ ቆሙ።

«መይሙና የለች» አሉ። «ሰውም የለኝም። እዚህ ማን ጋ እቀመጣለሁ?»

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። «የጻፈልዎት ይሁን» አልኩ። እንዲህ ያለ ባዶ ቃል ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት አይሱዙ ግቢው መሃል ቆመ። ፍራሹ፣ ብፌው፣ የመይሙና ድስቶች እየተጫኑ ነው። እኔ የሚቀልጠውን ሰም ከነምጣዱ ትቼ ሦስት ፎቅ ወጣሁ፤ ጉልበቴ እንዲያ ሆኖ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ግቢው ነው። ሌላ ሰው ቢያያቸው ከላይ ሆነው የሚታዘቡ ይመስለዋል።

«የከሊፋ ዕቃ ነው» አሉ። «የስፌት መኪናው ነው አሁን የወጣው። ፔዳሉ ሲንቋቋ ሰማሁት። የት ነው የሚሄደው?»

«ኮምቦልቻ። ለሁልጊዜ ነው ጋሼ።»

መስኮቱን እጃቸው ያዘ።

«ይፍቱኝ» አልኩ። «ሮጬ ወርጄ ልንገራቸው።»

«አልፈታሽም። ሰው ፊት ‹ዕውር ነው› ተብሎ ተነግሮብኝ? እሱም አዝኖልኝ፣ ዕቃውን አውርዶ?»

ከዚህ በላይ ልመና አልነበረኝም። ደክሞኝም ነበር። «እሺ፣ አልናገርም» አልኩ። «ልደታን ብያለሁና አልናገርም። ግን ያሰሩት አፌን ነው፤ እጄን አላሰሩትም። እጅዎን ይስጡኝና ልውሰድዎት።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «በግቢው መሃል?»

«በግቢው መሃል።»

«ሰው አለ?»

«ሞልቷል። ነገሪ አለ፣ ማሂ አለች፣ ዘበኛውም፣ ጫኞቹም።»

«እየመራሽኝ።»

«እየመራሁዎት።»

ከታች ሰሚር፣ «ገመዱን አጥብቀው!» ሲል ተሰማ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ጆሮአቸውን ወደዚያ ሰጥተው ቆዩ።

«አንቺን ነው ሰላም የሚሉት» አሉ። «ታያለሽ። እኔን አይሉኝም። ‹ጋሼ ምን ሆኑ?› ብለው አንቺን ነው የሚጠይቁሽ።»

«እኔ አልመልስም። እርስዎ ይመልሱላቸው።»

«እሱስ? ይመልስልኛል?»

ይህን እንኳ ልዋሻቸው አልቻልኩም። «አላውቅም ጋሼ። ላይመልሱ ይችላሉ። እኛ ደረጃውን ስንወርድ እሳቸው ሊሄዱም ይችላሉ።»

የአይሱዙው ሞተር ተነሣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ተነሡ።

«ኮቱን አቀብዪኝ። ያን እሱ ያስረዘመውን።»

አቀበልኳቸው። ለበሱት። እጅጌው እንደልማዱ ጣታቸውን ዋጠው። ባርኔጣቸውን ስሰጣቸው መልሰው አልጋው ላይ አስቀመጡት፤ ቀኝ እጅጌያቸውን በግራ እጃቸው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አጠፉት። አንጓቸው ወጣ፤ ድሮ ያርፍበት የነበረው አጥንት ታየ።

«እሺ» አሉ።

ትከሻዬን አስጠጋኋቸው።

«ትከሻሽን አትስጪኝ። እጄን ያዢኝ።»

ያዝኳቸው። እጃቸው በረዶ ነበር።

«እሱ ዘንድ ስንደርስ ደግሞ» አሉኝ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «የሱ እጅ ቢዘረጋም ባይዘረጋም፣ የኔን ወደ እሱ ዘርጊልኝ።»